መሬት ላይ የሚቆም ሐውልት፤ ውዳሴ ለማህሙድ አህመድ

መርካቶ ሆይ፣ አንቺ የእልፍ ተራ እናት፣ ጎህ ሳይቀድ ሸክም የምታነሺ፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላም ሒሳብሽን የማትዘጊ፣ ዛሬ ሚዛንሽን ለአንድ አፍታ አስቀምጪ። የእህል በረንዳ ወንፊት ይረፍ፤ የምን አለሽ ተራ መዶሻ ከቆርቆሮው ላይ ይነሣ፤ ሸማ ተራም የዘረጋውን ጥበብ ሳያጥፍ ይቁም። ልጅሽን ላወድስ መጥቻለሁና። ቢከራከሩበት የማይረክስ፣ ቢቸረችሩት የማያልቅ፣ በመጋዘን የማይቆለፍ አንድ ዕቃ ከጓዳሽ ወጥቶ ዓለምን ዞሯል፤ እርሱም የማህሙድ አህመድ ድምፅ ነው።

በአገራችን ውዳሴ የቅዱሳን ነው፤ ሽለላና ፉከራ የጀግና፤ ሙሾ የሟች። ለዘፋኝ የተመደበ የምስጋና ዓይነት ግን አልነበረንም። አዝማሪው በየሰርጉ ሌላውን ሲያሞግስ ያመሻል፤ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ተነሥቶ እርሱን የሚያሞግሰው ግን አይገኝም። ይህ የብዙ ዘመን ዕዳ ነው። በአንድ ጽሑፍ ተከፍሎ አያልቅም። እኔ ቀብዱን ልስጥ።

አስቀድሜ ግን አንድ ፈቃድ ልጠይቅ። ታሪኩን ስተርክ «እርሱ» እላለሁ፤ መርካቶ የወለደችውን ልጅ በስሙ እንጂ በማዕረጉ አትጠራምና፣ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ «የእኛ ማህሙድ» እንጂ «ክቡር ዶክተር» ሲል አይሰማም። ፊት ለፊት ስናገረው ግን ሽበቱን አከብራለሁ፤ «ጋሼ» እላለሁ፣ «እርስዎ» እላለሁ።

ልደቱ ከአገር ልደት ጋር ተጎራብቷል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። ከተማይቱ ከየሣጥኑ ሥርና ከየጣራው ማገር የሸሸገችውን ሰንደቅ ዓላማ እያወጣች ነበር። ሦስት ቀን አለፈ። ሚያዝያ 30 ቀን መርካቶ ውስጥ አንድ ሕፃን አለቀሰ። አዋላጆቹ ያን ድምፅ ሲሰሙ ወንድ ልጅ መወለዱን ብቻ ነበር ያወቁት። ነፃ በወጣች ከተማ፣ በነፃነት ሦስተኛ ቀን የተከፈተ ጉሮሮ መሆኑን ዛሬ ላይ ቆመን የምናየው እኛ ነን፤ ይህን ሳስብ የልደቱ ቀን ራሱ እንደ መግቢያ ዜማ ይሰማኛል።

መርካቶም ያኔ ጨቅላ ነበረች። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ከተማ አቀደ፤ አራዳን ለራሱ ሊይዝ ፈልጎ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፣ በራሱም ቋንቋ «መርካቶ» ብሎ ጠራው። አዲስ ከተማ የሚለው የክፍለ ከተማው ስም የዚያን ዘመን ትዝታ ይዞ ይኖራል። እንግዲህ ለመለያየት የተቆረሰ መሬት ነው። ይሁን እንጂ የተገፋው ሕዝብ በተገፋበት ቦታ ምን እንደሠራ ተመልከቱ። ጉራጌው ከኦሮሞው፣ አማራው ከአደሬው፣ ትግሬው ከየመናዊው ነጋዴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሱቅ ከፈተ፤ በአንድ ዕቁብ ዕጣ አወጣ፤ በአንድ ዕድር ቀበረ። የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ቅዳሴ በአንድ ሰማይ ላይ እየተላለፉ ይወጣሉ። ሊለያዩት የሠሩት አጥር መገናኛ በር ሆነ፤ ከዚያ በር የወጣ ድምፅ ደግሞ ወገን ለይቶ አያውቅም።

ጣሊያን ጥሎልን የሄደ ሌላም ቃል አለ፤ ሊስትሮ። የጉራጌ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ማህሙድ ትምህርት ቤት ብዙም አልቀናውም። ልቡ ሬዲዮ ላይ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ይልቅ ከሬዲዮው የሚወጣው ዘፈን ይገባው ነበር። ስለዚህ ሣጥን አንጠልጥሎ ጫማ ሊጠርግ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ የዚህ ሰው ጥበብ ሥር እዚህ ያለ ይመስለኛልና። የሊስትሮን ሥራ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ጆሮውን ከፍቶ ሰምቶት አያውቅም። ብሩሹ ቆዳውን ሲፈትግ አንድ ምት አለው፤ ጨርቁ ከጣት እስከ ጣት ተወጥሮ ሲያብረቀርቅ ሌላ ምት አለው፤ እግር ለማስቀየር ብሩሹን በሣጥኑ ጎን ላይ ኳ፣ ኳ ሲያደርገው ደግሞ ሁለቱን የሚያስር ሦስተኛ ምት ይመጣል። ሊስትሮ አጎንብሶ ይሠራል፤ ሰውን ከፊቱ ሳይሆን ከእርምጃው ያውቀዋል። ማን እንደቸኮለ፣ ማን እንደከፋው፣ ማን ከኪሱ ምንም እንደሌለው ከተረከዙ ያነባል። ማህሙድ ሲዘፍን የአዳማጩን እግር አስቀድሞ የሚያውቀው፣ የት ላይ ቢያዘገይ ሰው እንደሚተክዝ፣ የት ላይ ቢያፋጥን ወገብ እንደሚነቃ ሳይሳሳት የሚመታው፣ እኔ እንደማምነው፣ ከዚያ ሣጥን በተማረው ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ዲግሪ ያገኘው ጎንበስ ብሎ፣ ከአቧራ ላይ ነበር።

ከዚያ አሪዞና መጣ። አሪዞና የአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ነበር፤ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች የዋና መድረካቸውን ሥራ ሲጨርሱ ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ማህሙድ በዚያ ቤት የተገኘውን ሁሉ የሚሠራ ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ወንበር ይሸከማል፤ የተሰበረ ይጠግናል፤ የታዘዘውን ያመጣል። ጆሮው ግን መድረኩ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኝ ቀረ። ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ይዘው፣ ታዳሚው ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የቤቱ ሠራተኛ «እኔ ልዝፈን» አለ።

ስንት ሰው በዚያች ደቂቃ ዝም ብሎ ዕድሜውን ይጨርሳል! ወንበር ተሸካሚ ነኝ፣ መድረኩ የእኔ አይደለም፣ ይስቁብኛል ብሎ። የመርካቶ ልጅ ግን ከሕፃንነቱ አንድ ነገር ተምሯል፤ ደንበኛ ከፊትህ ቆሞ፣ ዕቃው በእጅህ ሳለ፣ ዝም አይባልም። ዘፈነ። ብዙም ሳይቆይ ታላቁ ጥላሁን ገሠሠ ይዘፍንበት ከነበረው ከክቡር ዘበኛ ባንድ ድምፃውያን አንዱ ሆነ፤ እስከ አብዮቱ ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስም በዚያው ቆየ።

ስለ ድምፁ ልናገር፤ እስካሁን ስዞረው የቆየሁት እርሱ ነውና።

ብዙ ድምፅ መረዋ ነው፤ የእርሱም መረዋ ነው። ብዙ ድምፅ ስርቅርቅ ነው፤ የእርሱም ይስረቀረቃል። ልዩነቱ ሌላ ነው። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። አምስት ክፍል ብቻ ባለው ቤት ውስጥ ሌላው ዘፋኝ ከክፍል ወደ ክፍል ይራመዳል። ማህሙድ ግን ደፉ ላይ ይቆማል። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር መካከሉን አይዘልለውም፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያጥፈዋል፣ መልሶ ይዘረጋዋል፤ ሸማኔ ጥለቱን ሲያስገባ ክሩን እንደሚያመላልስ። ሳግ ሲይዘው አይደብቀውም፤ ሳጉን ራሱን የዜማው አካል ያደርገዋል። ሲያንጎራጉር ብቻውን ያለ ይመስላል፤ ጮኾ ሲያወጣው ግን መቶ ሰው አብሮት ያለቀሰ ይመስላል። ከሥር ባሱና ከበሮው በጉራጌ ሠርግ ቤት እንደሚመታ ጭብጨባ ሲፈጥኑ እርሱ ከላይ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ እግራችን በደስታ ሲዘል ልባችን በናፍቆት ይቀመጣል። ፈረንጆች ከነፍስ የሚወጣ ዘፈናቸውን «ሶል» ይሉታል። እኛ አንጀት እንላለን። አንጀት የሚበላ፣ አንጀት የሚያርስ። ማህሙድ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ያደርጋል።

እኔም በዚያው ሰፈር ያደግሁ ነኝ። አንድ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ፣ የአንድ ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያ በሩ ላይ ተሰቅሎ የማህሙድን ትዝታ ይለቅቃል። መንገዱ ጢም ብሏል። ከፊቴ አንድ ተሸካሚ ቦንዳ በጀርባው ተሸክሞ፣ ገመዱ ግንባሩ ላይ ተወጥሮ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ይመጣ ነበር። ካሴት ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሸክሙን አላወረደም፤ ካወረደው መልሶ የሚያሸክመው ሰው ያስፈልገዋል። ቦንዳውን በግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሰው «መንገድ፣ መንገድ!» እያለ ይገፋዋል፤ አልሰማም። ሲያልቅ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ስለ ሙዚቃ የጻፉትን አንብቤአለሁ፤ ያ ሰው በግድግዳው ላይ ተደግፎ ካስተማረኝ የሚበልጥ አላገኘሁም።

መርካቶ ሸክላ ስትል ምጣዷን፣ ጀበናዋንና እንስራዋን ማለቷ ነበር። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ሌላ ትርጉም ደረበ፤ ጥቁር፣ ክብ፣ በመርፌ የሚናገር ሸክላ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት የመንግሥትን የማሳተም ብቸኛ መብት ደፍሮ አምሐ ሪከርድስን መሠረተ፤ በኋላም አሊ ታንጎ እየተባለ የሚታወቀው ነጋዴው አሊ አብደላ ከይፋ፣ ከይፋ ሪከርድስን አቆመ። ማህሙድ እ.ኤ.አ. በ1971 ከቬነስ ባንድ ጋር ሸክላ አስቀረፀ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ቤቶች አከታትሎ ዘፈነ። የዚያ ዘመን ትንሿ ሸክላ በአንድ ጎኗ የምትይዘው የጥቂት ደቂቃ ዘፈን ነው። በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ መግቢያ፣ ልመና፣ እንባና ስንብት ማስገባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የአገር ዕቃ እንደሚደረድር ነጋዴ መሆን ነው። የመርካቶን አንድ በአንድ ተኩል ሱቅ ያየ ይህ አይገርመውም።

ከአብዮቱ በኋላ ከባዱ ዘመን መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ የሙዚቃ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው የሚያድርበት ጊዜ ሆነ። ሸክላው ቆመ፤ ካሴት ተተካ። ስንቱ ድምፅ በዚያ ዘመን ተቀበረ! ስንቱ ተሰደደ! አምሐ እሸቴም አገር ለቀቀ። ማህሙድ ግን ከአይቤክስ፣ በኋላም ሮሃ ከተባለው ባንድ ጋር፣ ከዳህላክ ባንድም ጋር ካሴት በካሴት ዘፈነ።

የማደንቀው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ፣ ሲነገርም ብዙ አልሰማሁም። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ ለስደተኛው ወገኑ ዘፈነ። ከባንዱ አባላት አራቱ እዚያው ቀሩ፤ የቀሩበትን ምክንያት የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አይፈርድባቸውም። ማህሙድ ተመለሰ። በዚያው ዘመንም ፒያሳ የሙዚቃ ሱቅ ነበረው። የመርካቶ ልጅ ነውና ባንኮኒ ጀርባ መቆም አላሳፈረውም። በካሴቱ ልባችንን የሰበረው ሰው ራሱ ካሴቱን በእጁ አቀብሎ መልስ ይቆጥር ነበር። የትኛው ንጉሥ ነው ዙፋኑን ትቶ ለተገዢው በር የሚከፍት?

ድምፁም እርሱ ያልሄደበት ሄደ። ቀደም ሲል አዲስ አበባ ላይ ከአይቤክስ ጋር የተቀረፀው «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ በተባለ የቤልጅየም አሳታሚ አውሮፓ ላይ ወጣ። አማርኛ የማያውቅ ሰው «መላ» ማለት ምን እንደሆነ ሳያውቅ መላ ፍለጋውን ተረዳ። መርካቶ ሆይ፣ ይህ ቃል የአንቺ አይደለምን? የተሰበረ ሁሉ ወደ አንቺ የሚመጣው መላ ፍለጋ አይደለምን? ያንን ሙዚቃ የሰማው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ድምፁን ፈልጎ መጣ፤ ከዚያም ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት ተወለደ፣ የማህሙድም ሥራዎች በስሙ በበርካታ ቅጾች ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማትን ተቀበለ። የእነዚህን ክብሮች ዝርዝር ላራዝመው አልሻም። ከዚህ ሁሉ በፊት የተሸካሚው ግድግዳ ሸልሞታል።

በ2017 ዓ.ም.፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ በሚሊኒየም አዳራሽ መድረክን ተሰናበተ። ከስልሳ ዓመት በላይ የተሸከመውን ሸክም በፈቃዱ፣ በክብር፣ ሕዝቡ እያየው አወረደ። በዚያ አዳራሽ የልጅ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር እኩል ያውቁት ነበር፤ እርሱ የዘፈነላቸው ሙሽሮች ልጆቻቸውን ድረዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ፤ ውዳሴዬ ጥያቄም አለበትና፣ ጥያቄውም ለአንቺ ነው፣ መርካቶ።

እኛ ድምፃውያንን የምናከብረው ሲያልፉ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት አረፈ፤ አገር በሙሉ ተነቅሎ ወጣ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም በታላቅ ክብር ተቀበረ። ዓለማየሁ እሸቴን በ2013 ዓ.ም. በእንባ ሸኘነው። ሙሾ እናውቃለን፤ በሙሾ የሚስተካከለን የለም። ነገር ግን ሙሾን ሟቹ አይሰማውም። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ አበባ ጥላሁን በዓይኑ ቢያየው ኖሮ እያልሁ ዛሬም እቆጫለሁ።

በአሜሪካ ጆርጂያ በምትባል ግዛት ሁለት የነፍስ ዘፋኞች ባደጉባቸው ከተሞች ሐውልት ቆሞላቸዋል። አንዱ ኦቲስ ሬዲንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ26 ዓመቱ፣ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሜከን የተባለችው ከተማው ከወንዟ ዳር ባለ መናፈሻ ውስጥ ሐውልቱን ያቆመችው በ2002 ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎ። ሌላው ጄምስ ብራውን ነው። እርሱ ኦገስታ ውስጥ በልጅነቱ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ነበር፤ አዎን፣ እንደ እኛው ልጅ። ከተማው በ2005፣ እርሱ በሕይወት ሳለ፣ ሐውልቱን በዋናው መንገድ ላይ አቆመችለት። ከፍ ያለ መቆሚያ የለውም፤ ነሐሱ ሰው ከእግረኛው ጋር እኩል በመሬት ላይ ቆሟል፤ የፈለገ ጠጋ ብሎ ትከሻውን ያቅፋል። ጄምስ ብራውን በቀጣዩ ዓመት፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት ዐረፈ። ግን አይቶት ነበር። ምስጋናው ከቀብሩ ቀድሞ ደርሶለት ነበር።

ለማህሙድ አህመድ የምለምንሽ ይህን ነው። ቦታ ስጪው፤ አሁን፣ ጋሼ በዓይናቸው ሊያዩት፣ በእግራቸው ሊመጡበት በሚችሉበት ጊዜ።

መሬትሽ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ ዘንድ የአንድ በር ቁልፍ ሌላ ቦታ የአንድ ቤት ዋጋ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ፣ የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ሲሆን፣ ስንት ሰው በእያንዳንዷ ክንድ መሬት ላይ ኑሮውን እንደመሠረተ አገር ሁሉ አይቷል። ስለዚህ ሰፊ መናፈሻ አልጠይቅሽም። ከማንም ሱቅ ላይ ቆርሰሽ ስጪ አልልሽም። ከተማይቱ መንገድ እያሰፋች፣ አረንጓዴ እየተከለች ባለችበት በዚህ ጊዜ፣ ከሚከፈተው ሜዳ ጥግ አንዲት ቁራሽ ትበቃኛለች።

በዚያች ቁራሽ ላይ አንድ ወይራ ይተከል፤ ቶሎ አያድግም፣ ግን ቶሎም አይሞትም። ከጥላው ሥር ማህሙድ ይቁም፤ በነሐስ ቢሆን በድንጋይ፣ ብቻ መሬት ላይ ይቁም፣ መቆሚያ አይሠራለት። ከጎኑ የሊስትሮ ሣጥን ትቀመጥ። ከእግሩ ሥር ጥቁር ድንጋይ እንደ ሸክላ ክብ ተጠርቦ ይነጠፍ፤ ልጆች ይዙሩበት። ለውዱእም ለጥምም የሚሆን የውኃ ቧንቧ ይኑር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እለምናለሁ፣ ግድግዳ ይሠራ። ቁመቱ እስከ ሰው ጀርባ፣ አናቱ ሰፋ ያለ፣ ተሸካሚ ሸክሙን ሳያወርድ የሚያሳርፍበት። ሐውልቱን የሚሠራው ቀራፂ ስንት እንደሚጠይቅ አላውቅም፤ ያንን ግድግዳ ግን ከማንኛውም ነሐስ አስበልጣለሁ። መልሶ የሚያሸክመው ያጣው የዚያ ከሰዓት ሰው፣ ወይም ልጁ፣ ወይም የልጁ ልጅ፣ በስሙ የተሠራ ማረፊያ ያግኝ። ሊስትሮዎችም በዚያ ይቀመጡ፤ ኪራይ የሚጠይቃቸው፣ ሣጥናቸውን የሚወስድባቸው፣ ተነሡ የሚላቸው ሰው አይኑር።

ጋሼ ማህሙድ ሆይ፤

ከአቧራ የተነሡ፣ አቧራውን ያልካዱ፤ ዓለም በር ከፍቶልዎት ወደ በራችን የተመለሱ፤ በተዘጋ ሌሊት ጉሮሮዎን ያልዘጉ፤ የተለየነውን በአንድ ጭብጨባ የሰበሰቡ፤ ሳጋችንን ዜማ፣ ናፍቆታችንን ጥበብ ያደረጉ፤ አባቶቻችንን ያስጨፈሩ፣ እናቶቻችንን ያስተከዙ፣ እኛን ደግሞ አማርኛ ምን ያህል ሊያለቅስ እንደሚችል ያስተማሩ፤ ዕድሜዎ ይርዘም፣ ደጅዎ ይሙላ፣ ጉልበትዎ ይጽና። የአንዋር ዱአ፣ የራጉኤል ጸሎት አብሮዎት ይሁን። መርካቶ ከጫነችው ሁሉ፣ ካወረደችው ሁሉ፣ ከላከችው ሁሉ እርስዎን የሚያህል ዕቃ ልካ አታውቅም።

አንድ ቀን ወይራው ቅጠል አውጥቶ፣ ድንጋዩ ተነጥፎ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ተሸካሚ ቦንዳውን አሳርፎ ላቡን ሲጠርግ፣ እርስዎ ባርኔጣዎን ደፍተው፣ ማንም ሳያስተዋውቅዎ፣ ቀስ ብለው ይምጡ። ከሐውልትዎ አጠገብ ያለው ታዳጊ ሊስትሮ ቀና ብሎ አያይዎትም፤ ጫማዎን ነው የሚያየው።

«ጋሼ፣ ይጠረግ?» ይላል።

ይቀመጡ። ቀኝ እግርዎን ሣጥኑ ላይ ያድርጉ። ልጁ አጎንብሶ ይሠራል፤ ብሩሹ ይሄዳል ይመጣል፤ ጨርቁ ይወጠራል። ከዚያም እግር እንዲቀይሩ የብሩሹን ጀርባ በሣጥኑ ጎን ላይ ይመታል፤ ኳ፣ ኳ።